ለቤተሰብ ሽርሽር የትኛው ሌንስ ይሻላል?

ሰው ለረዥም መንገድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። የሚበላውን፣ የሚለብሰውንና ለመንገድ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያሰናዳል። በዛሬው ዘመን ግን ከስንቁ ጋር አብሮ የሚታሰብ ሌላ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ካሜራ ነው። በተለይም ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ታላላቅ የመዝናኛ ስፍራዎች በሚሄዱበት ጊዜ «ምን ዓይነት ሌንስ እንያዝ?» የሚለው ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሽርሽሩ ቀን አልፎ፣ ልጆቹም አድገው በሚገኙበት ጊዜ ከዚያ ቀን በእጅ የሚቀረው ፎቶግራፉ ብቻ ስለሆነ ምርጫው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለውም እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

በእኔ አስተያየት ለቤተሰብ ሽርሽር የሚበጀው አንድ ሌንስ ብቻ ነው። እርሱም በመጠኑ ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ ብርሃን በብዛት የሚያስገባና ክብደቱ የቀለለ መሆን አለበት። ሩቁን የሚያቀርበው ረዥም ሌንስ ግን ከቤት ቢቀር ይሻላል እላለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ከማስረዳቴ በፊት ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝን ገጠመኝ ባጭሩ ልንገራችሁ።

እኅቴ ከባልዋና ከሦስት ልጆችዋ ጋር በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ አቅራቢያ ትኖራለች። እናታችን የምትኖረው ግን በደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዋ ስለገፋ ረዥሙን የአይሮፕላን ጉዞ አትችለውም፤ በዚህም ምክንያት የመጨረሻውን የልጅ ልጅዋን በዓይንዋ አይታው አታውቅም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት እኅቴን ለመጠየቅ ስሄድ እናቴ የሰጠችኝ አደራ አንድ ብቻ ነው። «የልጆቹን ነገር ደኅና አድርገህ አንሣና አምጣልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

በዚያው ወር ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ፍሎሪዳ ለሽርሽር ወረድን። የሄድንበት ስፍራ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ነው። ይህ ስፍራ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ሲሆን፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ክፍል ውስጥ የሲንደሬላ ግንብ ቆሟል። የግንቡ ቁመት 58 ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን የላይኛው ክፍል ከታችኛው እያነሰ እንዲሄድ ተደርጎ ስለተሠራ ከእውነተኛው ቁመቱ በልጦ ይታያል። ሕፃን ልጅ ቀርቶ አዋቂም ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ይደነቃል።

እኔም አደራዬን በሚገባ ለመወጣት በማሰብ ሦስት ሌንሶች በከረጢት ይዤ ነበር። አንዱ ሰፊውን የሚያይ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሩቁን የሚያቀርብ ረዥም ሌንስ ነው። በሐምሌ ወር በኦርላንዶ የቀኑ ሙቀት እስከ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ አየሩም እርጥበት የሞላበት ነው። ከረጢቱ ገና በጠዋቱ ትከሻዬን ይቆርጠኝ ጀመር። ይህም አነሰና፣ የአራት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ከሚኪ ማውስ ጋር ተገናኝቶ እየሳቀ ሲተቃቀፍ እኔ አጎንብሼ ሌንስ እለውጥ ነበር። አንዱን ፈትቼ፣ ሌላውን ገጥሜ ቀና ስል ተራው የሌላ ልጅ ሆኗል። ልጁ እየሮጠ መጥቶ «አየኸኝ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ወደ አገር ቤት ከተመለስሁ በኋላ ፎቶግራፎቹን አሳትሜ ለእናቴ ወሰድሁላት። እናቴ መነጽርዋን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጀመሪያ ግንቡን ብቻ ያነሣሁበትን ሥዕል አንሥታ «ይህ ቤት የማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ቀጥሎም የትንሹን ልጅ ፊት በረዥሙ ሌንስ አቅርቤ ያነሣሁትን አየች። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በስተኋላው ያለው ሁሉ ግን እንደ ጉም ደብዝዟል። እናቴም ጥቂት አሰበችና «ይኸማ እዚሁ ደጃፋችን ላይም ይነሣ ነበር። የት እንዳለ በምን ይታወቃል?» አለች።

በመጨረሻ ከእጅዋ የገባው እኅቴ ካሜራውን ከእኔ ተቀብላ በመካከለኛው ሌንስ ያነሣችው ነበር። ሦስቱ ልጆች ከግንቡ ፊት ቆመዋል። የትልቂቱ ዓይን ከፀሐዩ የተነሣ ተጨፍኗል፤ ሁለተኛው ወደ ሌላ ያያል፤ የትንሹ አይስክሬም ቀልጦ እስከ ክርኑ ወርዷል። አባታቸው ከኋላ የልጁን ጫማ በእጁ አንጠልጥሎ ቆሟል። በሙያ ዓይን ቢታይ ብዙ ጉድለት ይገኝበታል። እናቴ ግን ያንን ፎቶግራፍ ለረዥም ጊዜ ይዛ ቆየች። «አሳሳቁ የአባትህን አይመስልም?» አለችና ከሟቹ አባታችን ፎቶግራፍ አጠገብ አቆመችው። እስከ ዛሬም ከዚያው አልተነሣም።

እንግዲህ እኔ ከዚህ የተማርሁት የሚከተለውን ነው። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሁለት ነገሮችን ባንድነት መያዝ አለበት፤ ሰውንና ስፍራውን። ግንቡ ብቻውን ከታየ ከመንገድ ዳር ከሚሸጥ ፖስት ካርድ አይለይም። ፊቱ ብቻ ከታየም ጉዞው መደረጉ አይታወቅም። ስለዚህ የሚመረጠው ሌንስ ሁለቱን ሳያነጣጥል የሚያሳይ መሆን ይገባዋል።

ይህንን ለመረዳት ስለ ሌንስ አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በሌንስ ላይ ተጽፎ የምናየው የሚሊ ሜትር ቁጥር የሌንሱን የትኩረት ርቀት ያመለክታል። ቁጥሩ ሲያንስ የሚታየው ቦታ ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ የሚታየው ቦታ እየጠበበ፣ ሩቁም ነገር የቀረበ እየመሰለ ይሄዳል። ምስል የሚቀረጽበት ገጽ 36 ሚሊ ሜትር በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ ካሜራ ላይ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ 75 ዲግሪ ያህል ያያል፤ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ 63 ዲግሪ፣ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 47 ዲግሪ ያህል ያያሉ። የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን የሚያየው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

በቁጥር እንመልከተው። ቤተሰቡ ተሰልፎ 3 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይዟል እንበል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁሉንም ለማንሣት 3 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መቆም ይበቃል። ይህ ደግሞ ተነጋግሮ ለመደማመጥ የሚመች ርቀት ነው። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለማንሣት የፈለገ ሰው ግን ከ16 ሜትር በላይ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል። ሺህ ሰው በሚተራመስበት መናፈሻ ውስጥ በዚያ የ16 ሜትር ክፍት ቦታ ስንት መንገደኛ፣ ስንትስ የሕፃናት ጋሪ እንደሚያልፍ መገመት አያዳግትም። አንሺውም ከቤተሰቡ ተለይቶ እንደ ባዕድ ከሩቅ ይቆማል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ልጁ ከአንሺው 2 ሜትር ርቆ፣ ግንቡም ከ100 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቢሆን ሁለቱም በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ይገባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባኛል። ዋጋቸው መካከለኛ በሆነ ብዙ ካሜራዎች ውስጥ ምስል የሚቀረጽበት ገጽ ከላይ ከጠቀስሁት ያነሰ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያየው ቦታ ጠብቦ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስን ያህል ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካሜራ ያለው ሰው የ23 ወይም የ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢመርጥ ተመሳሳይ እይታ ያገኛል።

ሁለተኛው ምክንያቴ የብርሃን ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የመዝናኛ ስፍራ ሲባል የሚታየው ፀሐይ ብቻ ነው። ነገር ግን ልጆች በጣም ከሚወዷቸው መካከል ብዙዎቹ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ለምሳሌ ያህል «ትንሽ ዓለም» እንደማለት የሚጠራው የጀልባ ጉዞ የብዙ አገር ልጆችን በሚመስሉ አሻንጉሊቶች መካከል ያልፋል፤ ይህም ከጣራ በታች ነው። በእነዚህ ስፍራዎች የሌሎችን ደስታ ስለሚያውክ የፍላሽ ብርሃን መጠቀም ክልክል ነው። እንግዲህ ተስፋው ሁሉ በሌንሱ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

የሌንስ የብርሃን መግቢያ ስፋት የሚለካው «ኤፍ» በሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መግቢያው ይሰፋል። ኤፍ 2 የሆነ ሌንስ ኤፍ 5.6 ከሆነው 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። አንደኛው በሴኮንድ አንድ ስምንተኛ የሚያነሣውን ሌላው በሴኮንድ አንድ ስልሳኛ ገደማ ያነሣዋል። በአንድ ስምንተኛ ሴኮንድ ውስጥ የሚስቅ ልጅ ራሱን ያወዛውዛል፤ ጀልባውም ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። በአንድ ስልሳኛ ግን ሳቁን የመያዝ ተስፋ አለ። የብርሃን ችግር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በቪየና የሒሳብ መምህር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል እ.ኤ.አ. በ1840 ኤፍ 3.6 የሆነ ሌንስ በሠራ ጊዜ ሰዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ሳይንቀሳቀሱ የሚቀመጡበት ጊዜ እጅግ አጠረ። ሌንሱም ታዋቂ የሆነው የሰውን ፊት በማንሣት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ክብደትና ጊዜ ነው። ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ብቻውን ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። አንድ ትንሽ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን የዚያን ሲሦ እንኳ ላይመዝን ይችላል። ልዩነቱ ጠዋት ላይ ባይታወቅም ከቀትር በኋላ፣ የደከመውን ልጅ በጀርባ ማዘል በሚያስፈልግበት ሰዓት በደንብ ይታወቃል። ልጅና ከረጢት እኩል አይታዘሉም። ከዚህም በላይ ሌንስ በሚለወጥበት ጊዜ አቧራ ወደ ካሜራው ይገባል፤ በፍሎሪዳ ክረምት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ አዘውትሮ ስለሚመጣም ውሃ ይገባል የሚል ሥጋት አለ። ከሁሉም በላይ ግን የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ እኔ የሚኪ ማውስን ነገር ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነውና።

እርግጥ ነው፤ ይህን አሳብ የሚቃወሙ አሉ። አንዳንዶቹ «ሰልፉና ርችቱስ በምን ይነሣል?» ይላሉ። ሰልፉ የሚያልፈው በመንገዱ ዳር ከቆመው ተመልካች ፊት በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ስለሆነ ረዥም ሌንስ አያሻም። ርችቱም የሚተኮሰው ከግንቡ በላይ ሲሆን፣ ሰማዩን ሞልቶ የሚታይ ነገር በጠባብ ሌንስ ቢነሣ ውበቱ ይጎድላል። ሌሎች ደግሞ «ዙም የሚባለው ሌንስ አንዱ ለብዙ የሚሠራ አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው። ሕዝብ በሚጨናነቅበት ቦታ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መራመድ የማይቻልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ዙም ይጠቅማል። ሆኖም ርካሹ ዙም ብርሃን አያስገባም፤ ብርሃን የሚያስገባው ደግሞ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደትና ከፍ ያለ ዋጋ አለው። አቅሙም ትከሻውም ያለው ሰው ይህን ቢይዝ አልነቅፈውም፤ እርሱም ቢሆን አንድ ሌንስ ነውና።

ረዥሙ ሌንስ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለቴም አይደለም። በዚያው በዲዝኒ ወርልድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው አኒማል ኪንግደም የሚባል ክፍል አለ። በዚያ ቀጭኔና አንበሳ ከመኪና ላይ ሆነው ከሩቅ ይታያሉ። ዋናው ዓላማው አራዊትን ማንሣት የሆነ ሰው ረዥሙን ሌንስ ቢይዝ ተገቢ ነው። አንበሳን «ቀረብ በል» ማለት አይቻልምና። የራስን ልጅ ግን ጠርቶ ማቅረብ፣ ወይም ራስ ሄዶ መቅረብ ይቻላል። የእኔ ክርክር ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በአንድ ሌንስ መወሰን ችሎታን የሚያሳንስ የሚመስለው ሰው ካለም ፈረንሳዊውን ሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶንን ያስታውስ። በ20ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ የነበረው ይህ ሰው አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። አንድ ሌንስ ብቻ የያዘ ሰው ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያይ እጁም ዓይኑም ስለሚለምደው ስለ መሣሪያው ማሰቡን ትቶ ስለሚያየው ነገር ያስባል።

ከእናንተ ከተማሪዎች መካከል «እኛ ሌንስ የሚለዋወጥበት ካሜራ የለንም፤ ያለን ስልክ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። የተናገርሁት ሁሉ ለስልክም ይሠራል። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ በተፈጥሮው ሰፋ አድርጎ የሚያይ ነው። በማያ ገጹ ላይ ሁለት ጣት ዘርግቶ ምስሉን ማቅረብ ብዙ ጊዜ የምስሉን ጠርዝ ቆርጦ የቀረውን ከማጉላት በስተቀር አዲስ ነገር አይጨምርም። ስለዚህ ጣታችሁን ከመዘርጋት ይልቅ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። አያታችሁን በእርሻቸው ላይ፣ እናታችሁን በምድጃው አጠገብ፣ ወንድማችሁን በትምህርት ቤቱ በር ስታነሡ፣ እርሻውም ምድጃውም በሩም አብሮ እንዲታይ አድርጉ። ነገ ሲፈለግ የማይገኘው ፊቱ ብቻ አይደለም፤ ስፍራውም ነው።

ባጠቃላይ ስናየው፣ ለቤተሰብ ሽርሽር ሌንስ መምረጥ የዕቃ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአቋቋም ምርጫ ነው። ረዥሙ ሌንስ ከሩቅ ሆነን እንድንመለከት ይፈቅድልናል፤ አጭሩ ግን ከወገኖቻችን መካከል ያቆመናል። እኔ ለእናቴ ካመጣኋቸው ፎቶግራፎች ሁሉ አንዱ ብቻ ለቁም ነገር በቃ፤ እርሱንም ያነሣችው ልጆችዋን ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ስማቸውን እየጠራች ያነሣችው እኅቴ ነበረች። ዳግመኛ ወደዚያ የመሄድ ዕድል ባገኝ አንዱን ትንሽ ሌንስ በካሜራው ላይ ገጥሜ፣ ከረጢቱን ከቤት ትቼ እሄዳለሁ። ትንሹ ልጅም «አየኸኝ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎን፣ አይቼሃለሁ» እለዋለሁ።

መልመጃ

1. የጸሐፊው ዋና አስተያየት በስንተኛው አንቀጽ ላይ ተገለጸ? በራሳችሁ አነጋገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ጸሐፊው አስተያየቱን የደገፈባቸውን ሦስት ምክንያቶች በየተራ ዘርዝሩ።
3. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን አሳብ የተቀበለው በየትኞቹ ነጥቦች ላይ ነው? ይህን ማድረጉ ክርክሩን ያጠነክረዋል ወይስ ያደክመዋል? ለምን?
4. «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም በላይ»፣ «ሆኖም» እና «እንግዲህ» የሚሉት ቃላት በድርሰቱ ውስጥ የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ የእያንዳንዳቸውን አገልግሎት ግለጹ።
5. በቤታችሁ ካሉት ፎቶግራፎች አንዱን መርጣችሁ ሰውንና ስፍራውን ባንድነት ያሳይ ወይም አያሳይ እንደሆነ በሁለት አንቀጽ አስተያየታችሁን ጻፉ።